የሊሊው ቦታ

ሃኮዳቴ ወደብ፣ በረዶ ሲጥል ማታ፣
ቁልፌን እጄ ይዤ፣ በሩ ተንኳኳ ላፍታ።
ቶኩዞ ነው፤ በልጅነት ባንድ ወንበር የተማርነው፣
አርባ ዓመት ስኩዊድ ሲያጠምድ የባሕር ጨው የበላው።
ካፖርቱን ከፈተ፤ ከደረቱ ሥር
አንዲት ግራጫ ድመት፣ አጥንትና ፀጉር።

«ከመረብ ክምር ውስጥ አገኘኋት» አለ፣
ዓይኑን እንደ ጥፋተኛ መሬት ላይ እየተከለ።
«ስድሳ ስምንት ዓመቴ፤ ቤቴ እንስሳ አላደረም።
ከዓሣ በቀር ነፍስ ያለው በእጄ ይዤ አላውቅም፤
ዓሣን ደግሞ የያዝኩት ላኖረው አልነበረም።
ምን ላድርግ? ንገሪኝ።»

መዘንኳት፤ ሁለት ኪሎ እንኳ አትሞላ።
«የትል መድኃኒት ዛሬ፤ ክትባት ከሳምንት ኋላ።
ወተት አትስጣት፣ ሆዷን ያበላሻል፤
ውኃ በሰፊ ሳሕን፣ ከምግቧ ራቅ ቢል ይሻላል።»
«ጥሬ ስኩዊድስ?» ስለው ሳቀ፤ «አውቃለሁ ከልጅነቴ፤
ድመት ስኩዊድ ከበላ ወገቡ ይከዳዋል፣ ትል ነበር እናቴ።»
«ሽንኩርት መርዟ ነው፤ ሥሩም ቅጠሉም።
አሸዋዋን በየማለዳው ጥረግ፤ ከሸተታት አትረግጠውም።
ከቁም ሳጥን ሥር ትገባለች፣ ሦስት ቀን፣ ምናልባት ሳምንት፤
አትጎትታት። ወለሉ ላይ ቁጭ በል፤ ጋዜጣ አንብብላት።
መረብ ጥለህ እንደምትጠብቅ፣ እንዲያው ጠብቃት፤
ልዩነቱ፣ እዚህ ዓሣው አንተ ነህ፤ አጥማጇ እሷ ናት።»

ሁሉንም ጻፈው፣ በዓሣ ጨረታ ደረሰኝ ጀርባ።
በሩን አልፎ ግማሽ ጎኑ በረዶው ውስጥ ሲገባ
ያልጠየቅሁት ትዝ አለኝ፦ «ቤትህ አበባ አለ ወይ?»
«ሊሊ ነዋ። ነጭ ሊሊ። ፉሳኤ ፎቶ ፊት፣ መሠዊያው ላይ።
ከሞተች አምስት ዓመት፣ በየወሩ ሰባተኛ ቀን፣
ሦስት ዘንግ ከጥጉ ሱቅ፣ በረዶ ቢዘጋም መንገዱን።»

ምላሴ ከበደኝ። እንዴት ብዬ ልንገረው?
ሊሊ ለድመት ሞት ነው፤ ቅጠሉ፣ ብናኙ፣ የቆመበት ውኃው፤
ጥቂት ብትልስ እንኳ ኩላሊቷ ያልቃል።
ነገርኩት። ዝም አለ። ዝምታው እስካሁን ይሰማኛል።
ድመቷን ሊመልስልኝ፣ ታየኝ፣ እጁን ዘረጋ፤
ከዚያ፣ እንደ ሰረቀ ሰው፣ ካፖርቱን ቶሎ ዘጋ።

የክትባቱ ቀን አለፈ፤ ሳይመጣ ሰነበተ።
መርፌዬን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ፤ በሩን በክርኑ ከፈተ።
እጁ አፈር ነው። ወለሉ ላይ ጋዜጣ ተዘርግቷል፤
የዓሣ ዋጋ ገጹን ግራጫ ጭራ ሸፍኖታል።

መሠዊያው ተወልውሏል። ሊሊው የነበረበት
አንዲት የሻይ ጽዋ ቆማለች፣ ጠርዟ የተሸረፈባት፤
ከአፏ የወጣው ለምለም፣ ጣት የማያህል ቡቃያ፣
አጃ ነው። ድመት የሚወደው። የፉሳኤ ጽዋ፣ የመጀመሪያ።
«ጠየቅኋት» አለ፣ አፈሩን በሱሪው እየጠረገው፤
«መልስ አልሰጠችም። ድሮም ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው።»

ወጋኋት። ጮኸች። እሱ ፊቱን አዞረ።
ካርዱ ላይ «ስም» የሚለው ባዶ እንደነበር ቀረ፤
«ገና ነው» አለኝ፤ «ከሳጥኑ ሥር የወጣችው ትናንት፤
እስቲ መጀመሪያ እሷ እኔን ትልመደኝ ጥቂት።»

ይህን ሲል ድመቷ ተነሣች፤ ወገቧን ለጠጠች፤
መሠዊያው ጫፍ ላይ በአንድ ዝላይ ወጣች፤
ከጽዋው አንዲት ቅጠል በጥርሷ ቆረጠች፣
ፎቶው ፊት ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አላመጠች።
«ውረጂ» ይላታል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላላትም።
ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳየው፣
ቀኑ ሰባት ነው።