አምስተኛው ቃል

«አምስት ቃል ልስጥሽ፤ በልብሽ ያዣቸው፣
ኋላ ስጠይቅሽ ትመልሻቸው፤
አደራ» አለችኝ ሲስተር ፊሩዛ፣
የመስኮቱን ብርሃን በመጋረጃ ይዛ።
ሎሚ አለች፣ ቁልፍ አለች፣ መሰላል፣ ቀይ፤
አምስተኛው ይቆይ።

እኔ መንበረ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት
የመጋዘን ሂሳብ በእጇ የኖረባት፣
ታይዋን ሰፈር ሙሉ የሚመሰክርላት፤
ማሽን የማትነካ፣ በአፏ የምትደምር፣
ለአንዲት ሳንቲም ጉድለት ሳትተኛ የምታድር።

አንድ ቀን ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣
የሳሙና ካርቶን ወረደ።
በቃ።
ሮባ ተሸክሞ አወጣኝ አሉ፤
እኔ የማውቀው ሽታውን ነው፣ ቀሪውን እነሱ ያውቃሉ።

ፎቶው ንጹሕ ነው። ደም የለም፣ ስንጥቅ የለም።
«አንጎልሽ ተናወጠ እንጂ አልተሰበረም»
አለ ሐኪሙ። ልዩነቱን ልጠይቀው ብዬ
«ልዩነት» የሚለው ቃል አልመጣልኝም።

ከዚያ ስድስት ሳምንት መዝጊያ ተዘግቶ፣
የከዚራ ቁራ በጩኸቱ ጣሪያውን እንደ ቆርቆሮ እየቀደደ፣
ልጄ ዩናታን በካልሲ እየሄደ፣
«እማ» የሚለውን ሳይቀር በሹክሹክታ እያወረደ።

«ከመቶ ሰባት ቀንሺ፤ ከቀሪውም ሰባት።»
ዘጠና ሦስት። ሰማንያ ስድስት።
ሰባ...
ሰባ ቤት ደጃፍ ቆምኩ። መብራቱ ጠፍቷል።
ውስጥ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ በሩ ግን ተቆልፏል።
ድንገት በጓሮ በር፣
ጫኞቹ ጆንያ ሲያወርዱ በሚቆጥሩበት ቋንቋ፣
«ቶርባተሚ ሰገል!» አልኩ፤
ሰባ ሁለትን ደግሞ እንደ ጅጅጋ ደንበኞቼ፣ በሱማሌኛ ጠራሁ።
ሲስተሯ እርሳሷን አነሣች፣ ሳጥኑን አየች፣
«ልክ ነው መሰለኝ» አለች።

«ሰዓት ሳዪልኝ፤ አሥራ አንድ ከአሥር ይሁን።»
«በማን?» አልኳት። «በእኛ ከሆነ
ትንሿ እጅ አምስት ላይ ናት፤
በፈረንጅ ከሆነ አሥራ አንድ ላይ ናት።»
ወረቀቱ ይህን አላሰበበትም።
ሁለት ሰዓት ሳልኩላት፣ ጎን ለጎን፣
አንዱ የባቡር ጣቢያው፣ አንዱ የቤቴን።

«አሁን ቃሎቹን።»
ሎሚ። ቁልፍ። መሰላል። ቀይ።
ከዚያ ምላሴ የጥር ደቻቱ፤
አሸዋ፣ የላስቲክ ከረጢት፣ የፍየል ኮቴ ምልክቱ።
«ፍንጭ ልስጥሽ?»
«ተይው» አልኳት፣ «በዱቤ አልወስድም።
አደራ ብለሽኛል፤ ራሴ አመጣዋለሁ፣ ግድ የለም።»
ሃያ አራት ከሠላሳ።
«ለሥራ ገና ነሽ» አለች፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳታነሣ።

ባጃጅ ያዝኩ። ከቀፊራ ሁለት ሴቶች ገቡ፣
በፓፓያ ዘንቢል መሐል አጣበቡ፤
ሲደርሱ ጠብ ሆነ፣ የቦርሳ ትግል፦
«ወላሂ ዛሬ እኔ ነኝ!»
«ባለፈው አንቺ ነሽ! ዛሬ ከፋይ እኔ ነኝ!»

ከፋይ!

ጮህኩ። ጨርቁን እኮ ነው፤
ወይን ጠጅ ከፋይ፣ የሠርጌ ካባ፣
በሚያዝያ ሐሩር ትከሻዬን የተጫነው፤
ነፍሱን ይማረውና ባሌ፣ ፎቶ አንሺው ዞር ባለ ቁጥር
በመሐረብ ላቤን የጠረገው።

አብዲሰላም በመስተዋቱ አየኝ፦
«እናቴ፣ አንቺ ነሽ ከፋይ?»
ሴቶቹ ዝም አሉ። ከዚያ መረቁኝ።
ምን ልበል?
መቶ ብር ሰጠሁ። ሦስት ጊዜ ሠላሳ፣ ዘጠና።
«አሥር መልስ» አልኩት። ቆየሁና
በልቤ ደገምኩት፤ አሥር ነው።

ቤት ደረስኩ። ቁልፉ የለም።
ቦርሳ ውስጥ የለም፣ ኪስ ውስጥ የለም።
ዩናታን ከትምህርት ቤት እስኪመጣ
ደፉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጥላው እስከ ጉልበቴ፤
ከፋይ፣ ከፋይ እያልኩ፣
እንደ ሳንቲም ከረሜላ ከጉንጬ ወደ ጉንጬ እያገላበጥኩ።