ልክ

ጎንደር ፒያሳ፣ አባቴ ስፌት ቤት፣ ከጨርቁ ክምር አጠገብ
አዛናው ሕግ ይጽፋል፣ እኔ ዋጋ ሳነብ፦
«የሃያ ቀን አማካይ ሃምሳውን ሲያልፈው
አክሲዮኑን ግዛ፤ ሲወርድ ሽጠው።»

የኛ ገበያ ገና ጥርስ ስላላወጣ
በናይሮቢ ዋጋ ፈተነው፤ ትርፍ መጣ።
ሃያውን አሥራ ሰባት፣ ሃምሳውን አርባ ስድስት
እያለ አጠበበ፤ ጠፋች የኪሳራ ዕለት።

አባቴ ከሲንጀሩ ሳይነሳ፣ መርፌ በከንፈሩ፣
«ልክ ነው?» አለ።
«ልክ ነው።»
«የማን ልክ?»

ቀና ብለን አየን፦ መስቀያው ላይ ያ ጥቁር ኮት፣
ለአዘዞው ሹፌር ሳይተርፍ ሳይጎድል የተሰፋለት።
ሰውየው ወፍሮ መጣ፤ ኮቱ እዚያው ቀረ።

አዛናው ሃያና ሃምሳውን መለሰ።
አባቴ «እጥፋት ተዉ» ብሎ ክር በጠሰ።