ሃያ የሚል ብረት

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በኒሙ ዛፍ ጥላ፣
ማንም ሳያነሣው፣ ብረቴን ዛግ በላ።
ድሬ ዝናብ ብርቅ ነው፤ ከየት መጣ እርጥበት?
ለካስ የኔው ላብ ነው ጨው ጥሎ ያለፈበት።

ኢፍቱ የጎረቤቴ ልጅ፣ ዐሥራ ሰባት ሞልቷት፣
እንደ ድመት ናት እሷ፣ አጥር የማይመልሳት፣
ዘንጉን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ እጇን ወገቧ ላይ፣
«ሊቀብሩት ነው ጋሼ፣ ወይስ አንሥቼው ልይ?»

አቼቶ ገዛሁኝ፣ ሁለት ጠርሙስ ሙሉ፣
ላምባ፣ ሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፤
ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍሁ፣ እንዲያድርበት ሌሊት።
ባለቤቴ አይታ ምንም አላለችም፤
መብራት ስናጠፋ፣ «ሳፋዬን…» አለች፤ አልጨመረችም።

ሲነጋ ውሃው ቀልቷል፣ እንደ ደቻቱ ጎርፍ፤
ፀሐይ ሳትከር ፈተግሁት፣ ጥፍሬ እስኪረግፍ።
መጀመሪያ አረንጓዴው ተላጠ፤ የሠርጌ ዓመት ነው።
ከሥሩ ሰማያዊ፤ መቼ እንደቀባሁት እንጃ።
ከሰማያዊው ሥር የፉርጎ ቀይ፣ ሙሴ የቀባው፣
ከምድር ባቡር ጋራዥ፣ ከቆርቆሮ ሥር የተረፈውን ጠርጎ።
ከቀዩ ሥር ብረት።
ብረቱ ላይ ቁጥር፣ በመሮ የተመታ፤
ሁለቱ ቀጥ ብሎ፣ ዜሮው በጎኑ ተኝቶ።
ሃያ።

ሳልቀባው በፊት እስኪ ላረጋግጥ ብዬ፣
አራቱንም ክቦች በባጃጅ ጭኜ፣
ቀፊራ ወረድሁ፣ ወደ ሩቅያ የሽንኩርት ሚዛን።
ዐሥራ ሰባት።
«ሚዛንሽ ሌባ ነው» አልኋት። ሳቀች፦
«ሌባ ሚዛን ያከብዳል እንጂ ያቀላል እንዴ አባቴ?»
ሁለተኛውን ጫንሁት። ዐሥራ ሰባት። ሦስተኛው። አራተኛው።
ዛግ በላው እንዳልል፣ ዛግ ከያንዳንዱ ሦስት ኪሎ አይበላም።
ዘንጉን እንኳ ሃያ ብንል፣
መቶዬ ሰማንያ ስምንት ነበር።

ሙሴ የቶርኖ ሰው ነው፤ እጁ አይሳሳትም፣
ፀጉር የምታህል ልዩነት አታመልጠውም።
ፋራህ «መቶ አያነሣም» ብሎ ሲወራረድ፣
የከዚራ ጎረምሳ ሲሰበሰብ፣ እኔ ደረቴ ሲያብጥ፣
እሱ ግንቡን ተደግፎ ቆሎውን ይቆረጥም ነበር።
እያወቀ።
ሠላሳ ዓመት፣ አንድ ቀን ትንፍሽ ሳይል።
ባለፈው ሐምሌ ሳጥኑን ተሸከምሁ፣ ከፊት፣ በግራ በኩል።
እሱን ማንም አላቀለለልኝም።

ጥቁር ቀባሁ፣ ሁለት እጅ። ቁጥሩ ላይ ስደርስ ቆምሁ።
«ዐሥራ ሰባት ይበሉት» አለች ኢፍቱ፣ «ዕድሜዬ ነው።»
በአንድ ፊቱ ጻፍሁላት፣ በነጭ፣ ትንሽ ተዛብቶ።
በሌላው ፊት ግን የሙሴን ሃያ
ቀለም አላስነካሁትም፤ ግራሶ ብቻ ቀባሁት።

አሁን አጎንብሳ ዘንጉን ጨበጠች።
ተነሣ።
ክቡ በዘንጉ ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር፣
ያ ጠማማ ዜሮ ለአፍታ ቀጥ አለ፤
ሁለቱ በተራው ዘመመ።