የተመለሰው ሃያ

ዝናቡ ቾንቺ ላይ፣ እንደ አበዳሪ፣
ጣሪያ ሲደበድብ፣ እኔ አስተማሪ
ከቺሎኤ ባሕር ዳር መቶ ዛጎል ለቅሜ፣
ክፍል ገባሁ በጠዋት ጆንያ ተሸክሜ።
ዐሥር በዐሥር አድርጌ ወለሉ ላይ ደርድሬ፣
«ይህ ሁሉ አንድ ነው» አልኳቸው ደፍሬ።
ሣቁብኝ። «አንድ ከሆነማ ምን አሸከመዎ?»
አለች አንዷ፤ «በቅቶት ነበር ኪስዎ።»

ሃያ አምስቱን ወዲያ በጫማዬ ገፋሁ፤
«ስንት ሄደ?» ብዬ መልሱን ጠበቅሁ።
«ሩብ!» አለ ባልዶሜሮ ከኋላ ተነሥቶ፤
«ሃያ አምስት» አለች ኦሪያና፣ «ከመቶ»፤
አንዱም ከጥግ በኩል፣ ድምፁ ተጎትቶ፣
«ዜሮ ነጥብ ሁለት አምስት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሦስቱም አልተሳሳቱም። ቁጥር እንደ ሰው ነው፣
ገላው ሳይለወጥ ልብስ ነው የሚቀይረው፤
ገበያ ሲወርድ «በመቶ» ይለብሳል፣
ከጎረቤት ጋራ ዳቦ ሲካፈል ክፍልፋይ ያገለድማል፣
ባንክ ቤት ሲገባ ደግሞ፣ ነጥቡን እንደ ቁልፍ
አንገቱ ላይ ቆልፎ፣ ቀጥ ብሎ ይሰለፋል።
ይህንን ሳስተምር፣ ሳለብስ፣ ሳወልቅ፣
ሠላሳ አንድ ክረምት ሄደ፣ ጠመኔ ሲደቅ።

ሚያራይ ግን አልሣቀች፣ አልመለሰችም።
ቤታቸው በእንጨት እግር ባሕር ላይ ቆሟል፤
ውኃው የሞላ ለት አልጋ ሥር ያድራል።
እናቷ ኤርሚኒያ፣ ወንበር በሌለበት
ፋብሪካ ውስጥ ቆማ፣
ዛጎል ስትፈለቅቅ ነው ቀን የሚመሽባት።
ለዚህች ልጅ መቶ ዛጎል መማሪያ አይደለም፤
የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ የእናቷ ጣት ደም።

ከደብተሯ መሐል የታጠፈ ወረቀት
አወጣች፤ ስትዘረጋው ሸተተን ጨውና ቅባት።
«አምና ባሕሩ ታሞ፣ ዛጎል ሲመረዝ፣
አለቃው ቀነሰ ከእናቴ ደመወዝ፤
ሃያ በመቶ ቆርጦ፣ አንጀቷንም መቶ፣
ዘንድሮ መለሰ ያንኑ ሃያ በመቶ።
ግድግዳ ላይ ለጥፏል፦ ‹ዕዳ የለብንም፤
ሃያ ወጣ፣ ሃያ ገባ፤ የጎደለ የለም።›
ታዲያ፣ መምህር፣ ምነው
የድንቹ ጆንያ ከዱሮው ቀድሞ የሚያልቀው?»

ልመልስ አፌን ከፈትሁ፤ ዝናቡ መለሰ።
እሷ ተንበርክካለች።
ሃያ ዛጎል አንሥታ ቀሚሷ ላይ አፈሰች፤
«ሰማንያ ቀረ» አለች።
ባልዶሜሮ ቸኩሎ ሃያውን ሊመልስ
እጁን ሲልክ ያዘችው፦ «ቆይ እንጂ፣ በቀስ!
የምን ሃያ? የማን ልጅ?
የፊቱ የመቶ ነበር፤ ይሄ የሰማንያ ነው እንጂ።»

የሰማንያን አምስተኛ፣ አንድ ሁለት እያለች፣
ዐሥራ ስድስት ቆጥራ ወለሉ ላይ መለሰች።
በዜሮ ነጥብ ሁለት አባዛሁ በስውር፤
ያው ዐሥራ ስድስት። ንቅንቅ አላለም ቁጥር።
አራት ዛጎል ቀረ በልጅቷ መዳፍ፣
ጥቁር፣ ዝም ያለ፣ እንደተዘጋ አፍ።

ወደ ሰሌዳው ዞሬ፣ ከያንዳንዱ «በመቶ» ጎን
«የምን?» ብዬ ጻፍኩኝ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ቢዘገይም እንኳን።

ማግስቱን፣ ፋብሪካው በር፣ ማስታወቂያው ላይ
አራት ዛጎል ተጣብቆ ሠራተኛው ሲያይ፣
ማን እንዳጣበቀው እኔ አልመረመርኩም።
የክፍላችን ሙጫ ግን፣ ሩቡ የለም።
(የምን ሩብ? እንዳትሉኝ፤ አልነግራችሁም።)