ውሃ ልክ

ከድሬ ጎህ ሳይቀድ ወጣን፣ ሰባት ሆነን፣
ሸራና ድንኳን፣ ጀሪካን ውሃ ጭነን።
አቶ ገብረየስ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣
መንገዱ ባንገጫገጫቸው ቁጥር፣
«ሀዲድ ቢሆን» ይላሉ፣ «ሀዲድ ቢሆን እኮ አሁን እንተኛ!»
ረምዚያ፣ የጁገሏ፣ ቀለሟን በሽርጥ ጠቅልላ፣
ትስቃለች፣ በመስኮቱ አቧራ ላይ በጣቷ ግመል ሥላ።
እኔ ዝም።
የደቻቱ ዳር ልጅ ነኝ፤
ደረቅ ወንዝ ሳይ ምላሴን የሚይዘኝ
አንድ ነገር አለ።

ሙሜ ተቀበለን ከሸለቆው አፍ፣
መሪያችን፤ ቀጭን፣ እንደ ግራር ጫፍ፤
ከትከሻው ዱላ፣ ከጉንጩ ቅጠል፣
ድንጋይ ሲረግጥ እግሩ ኮሽ እንኳ የማይል።

ገባን።
ግራ ቀኝ ግድግዳ፤ ሰማይ እንደ ክር፤
ከታች ነጭ አሸዋ፣ ውሃ አልባ የውሃ አገር።

መምህር ብሥራት ባርኔጣውን ገፋ፤
«ዓይናችሁን በከፊል ጨፍኑ፤ ዝርዝሩን ተዉት፤
ብርሃን ያረፈበትን፣ ጥላ የያዘውን ብቻ ውሰዱት።»
ቀላቀልኩ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቂት ጥቁር፤
ግድግዳው ግን ከቱቦ የሚወጣ አይደለም፣
በየደቂቃው ፈቀቅ ይላል።
ሙሜን፣ «ይሄ መልክ ምን ይባላል?» አልኩት።
«ጠዋት ዳማ ነው፤ ቀትር ላይ ቡላ፤
ማታ ዳለቻ፤ ሲዘንብበት ደግሞ…»
አልጨረሰውም፤ ቅጠሉን ተፋ ወደ ኋላ።

ብሩሽ የምናጥብበት ውሃ በኩባያ ተለክቶ ነው፤
ጀሪካኑን አቶ ገብረየስ እንደ ጣቢያ ሹም ይጠብቁታል።
ነፋስ መጣ፤ እርጥቡ ቀለሜ ላይ አሸዋ ነሰነሰ።
ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የኔም አልለቀቀ፤
የሸለቆው አሸዋ የሸለቆው ሥዕል ላይ ደረቀ።

አስር ሰዓት ላይ ሙሜ ከኋላዬ ቆሞ አየ።
«ጥሩ ነው። መስመሩስ?»
«የቱ መስመር?»
በዱላው ጫፍ አሳየኝ፤
ከሰው ቁመት በላይ፣ ከግመል ሻኛ በላይ፣
አግድም የተሰመረ የደለል እድፍ፤
ስንጥቁ ውስጥ የተሰነቀረ ግንድ፣
አንድ የላስቲክ ጫማ፣ ከነጭቃው።
«ውሃው እዚያ ድረስ ነበር» አለ። «ውሃ ልኩ ነው።»

አይቼው ነበር። ጠዋት። አይቼ ነው የተውኩት፤
ሥዕሉን ያበላሻል ብዬ፣ ሁለቱንም ዓይኔን የጨፈንኩበት።

ሲመሽ መምህሩ ድንኳኑን አሸዋው ላይ ዘረጋ፤
«ይሄ እኮ ፍራሽ ነው!»
«አይሆንም። ወደ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ።»
«ሰማዩ ጥርት ብሎ?»
«የዚህ አገር ውሃ» አለ ሙሜ፣ «ከዚህ ሰማይ አይመጣም፤
ከደጋ ነው የሚነሳው፤ ደርሶ ደጅ አይጠናም።»
ካስማ ነቅለን ወጣን። ሁሉም አጉረመረመ፤
ያላጉረመረምኩ እኔ ብቻ ነኝ።

ድንጋይ ጎኔን እየወጋኝ፣ ጆሮዬ ወንዙ ላይ ሆኖ።
ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ መስመር አለ።
ጥምቀት በደረሰ ቁጥር እናቴ ኖራ ትቀባዋለች፤
ክረምት ሲገባ፣ ኖራውን ልሶ፣ ብቅ ይላል፤
እሷም ደግሞ ባልዲዋን ታነሳለች።
በዚያ ሌሊት አራት ሆነን ተኝተን
ሦስት ሆነን ነው የነጋልን።
ስለሱ አይወራም። ኖራ ይቀባል።

ውሃው አልመጣም።
ጅብ አለፈ፣ ነፋስ አለፈ፣
የአቶ ገብረየስ ማንኮራፋት እንደ ዕቃ ባቡር ዳገት ወጣ፤
አሸዋው እንደደረቀ ነጋ።
መምህር ብሥራት ወገቡን ይዞ፣ «አየህ» አለ፣ «በከንቱ!»
ሙሜ ትከሻውን ሰበቀ፤ ሻይ ጣደ ለሰባቱ።

ከሻዬ ዝቃጭ ብሩሼን ነክሬ፣
ከሥዕሉ ግራ ጫፍ ጀምሬ፣
አንድ መስመር አሰመርኩ፣ አግድም፣ እስከ ቀኝ፤
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ መስመሩ ግን አልታጠፈብኝ።
ከመስመሩ ላይ፣ ከስንጥቁ ውስጥ፣
ጫማዋን ሣልኩ፤ ካየኋት አሳንሼ፣
በልጅ እግር ልክ።

ረምዚያ መጣች፣ አንገቷን ሰገግ አድርጋ፤
«ይሄስ?»
«ውሃ ልክ» አልኳት።

ሙሜ ኩባያዬን ተቀበለኝ፤
በአሸዋ አጠበው።