አሥራ ሁለተኛው

መሸንቲ ላይ ነው፣ ዳጉሳ ሲታጨድ።
ከጣና በኩል ጉምጉምታ ሲመጣ
አያ ቢያዝን ነበር ቀድሞ የሚለየው፦
«አንቶኖቭ ነው ይኼ፣ አራት ሞተር አለው፣
ሆዱ እንደ ጎተራ፣ በሩ ከጭራው ነው።
ያኛው ቀጭኑ ግን የመንገደኛ ነው፣ ተዉት።»

እንዳለውም ጭራው ተከፈተና
ሰው ተዘራ ከደመና።
አሥራ ሁለት ቆጠርን።
አሥራ አንዱ ፈኩ እንደ ፈንዲሻ፤
አንዱ ጥሬ ቀረ።
«ይፈካል» አለ አያ ቢያዝን
ማጭዱን እንደያዘ፤ «አሁን ይፈካል፣
ቆይ…»
ዱብ አለ፣ ነዶው መሀል።

ዘንድሮም ሰማዩ ሲያጉረመርም
እኛ እናንጋጥጣለን፤ እሱ ቀና አይልም።
«አራት ሞተር» ይላል፣ አጎንብሶ እያጨደ።
ጥቂት ቆይቶ ማጭዱን ያስቀምጥና
ጣቶቹን ያጥፋል፣ አንድ በአንድ፣ በዝምታ።
አሥር ላይ ያልቁበታል።
ሁለት ከእኔ ይበደራል።