ከመስታወቱ ወዲህ

ሲጽፉት ሎድዝ ነው፣ ሲጠሩት ግን ዉች፤
የጨርቃ ጨርቅ ጥቀርሻ ከጡቧ ያልለቀቃት ከተማ ነች።
የኔ ሱቅ ከትራሙ ፌርማታ ፊት ለፊት፣
በቁልፍ ቀራጩና በጥርስ ሐኪሙ መካከል ናት።
ስፒከር እሸጣለሁ።
“ሲኒማን ከነግርማው ሳሎንዎ አስገባለሁ”
እላለሁ። አንዳንዴም አምናለሁ።

በጥር ብርድ አንዲት ሴትዮ ገቡ፣
ሰባን የዘለሉ፤ ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ ሁለቴ ጠረጉ፣
ሁለተኛውን ቀስ ብለው፣ እያዳመጡ።
“ለቤት ነው ልጄ” አሉ፤ “ፎቁ አራተኛ፣
ግድግዳው ወረቀት፤ ከሥሬ ያለው ሰውዬ
መጥረጊያ ታቅፎ ነው የሚተኛ።”

እንደ ልማዴ ከትልቁ ጀመርኩ፤
ቁመቱ ከኔ የሚስተካከለውን፣ ጥቁሩን፣ ሰባቱን ከነጓዙ
ለኮስኩና የጦርነት ፊልም ከፈትኩ።
ድልድይ ፈረሰ። የመደርደሪያው ብርጭቆ ተርገፈገፈ፤
ደረቴ ውስጥ ያለው ሁሉ ከቦታው ተገፈፈ።
“እህስ?” አልኳቸው።
“ጮኸ” አሉ።
ሌላ አላሉም።

ከቦርሳቸው ዲስክ አወጡ፤ በእርሳስ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት።
ጥቁርና ነጭ ፊልም። አንዲት ተዋናይት በረዶ የሞላበትን ግቢ ታቋርጣለች፣
ከበር እስከ ጉድጓድ፣ አርባ አንድ እርምጃ፣
ቃል ሳይወጣት።

“እግሮቹ የኔ ናቸው” አሉ ያድቪጋ።
“ሠላሳ ዓመት በጨለማ ክፍል ሌሎች ሲሄዱ ረግጫለሁ፣
ጓንት አራግቤ ርግብ አስነስቻለሁ፣
ካሮት ቀንጥሼ የስንቱን ክንድ ሰብሬያለሁ፤
የገዛ እጄን እየሳምኩም” (ሳቁ) “ስንቱን ድሬያለሁ።
ያ በረዶ የድንች ዱቄት ነው፣ በከረጢት።
ዜኖን ደግሞ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ማዳመጫው ጆሮው ላይ፣
‘እንደገና’ ይላል። ሌላ ቃል የለውም፤ እንደገና!
ኮሽታ ያለበትን አያሳልፍም ነበርና።”

በትልቁ አጫወትነው። በረዶው በረዶ ሆነ።
“ይሄ አይሆነኝም” አሉ፤ “አመነ።”
በሁለተኛው፣ ውድ እንጨት በለበሰው፣
“ይሄ ያባብላል” አሉ፤ “ሽማግሌ ነው።”

ከጥግ ሁለት ግራጫ ሣጥኖች ነበሩኝ፣ አቧራ የጠጡ፣
ከተዘጋ ስቱዲዮ በጨረታ የመጡ፤
ዋጋ እንኳ አልለጠፍኩባቸውም፣ ለሳሎን ማን ይፈልጋቸዋል?
ገመድ ሰካሁ።

በረዶው ወዲያው ድንች ሆነ።
ዱቄቱን ሰማሁት፣ የከረጢቱን ስፌት ሳይቀር።
እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆጥሩ ነበር።
ሃያ ሁለት ላይ እጃቸውን አነሱ።
“ሰማህ?”
አልሰማሁም።
መለስኩት፤ አልሰማሁም።
በአራተኛው፣ በሃያ ሁለትና በሃያ ሦስት መሐል፣
ሻማ እንኳ የማያጠፋ ትንሽ አየር፤
አንዲት ወጣት ትንፋሿን ይዛ፣ ይዛ፣
ጠብታ አመለጠቻት።

“ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” አሉ፤
“ያኔ እኔ አልሰማሁትም። እሱ ግን...”
አልጨረሱትም።
ለዝንብ ክንፍ ‘እንደገና’ የሚል ሰው፣
ሰምቶ፣ ዝም ብሎ፣ አሳለፈው።

ዋጋ ስጠራ አልተከራከሩም።
“ባስስ አይጨመር?” አልኩ።
“ባሱን ጎረቤቴ በመጥረጊያው ይምታው።”
ነገ ላደርስላቸው ቃል ገባሁ፣ አራት ፎቅ፣ በትከሻዬ።

ወጡ። በሬ ድምፅ አያሳልፍም፤ እኔው ነኝ ያስገጠምኩት።
በመስታወቱ አየኋቸው፤ ፌርማታው ላይ፣
እውነተኛው በረዶ ላይ ቆመው
አንድ እርምጃ ረገጡ። አደመጡ።
ፊታቸው ተኮሳተረ።
ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ ወደኔ አልደረሰም፣
ዐወቅሁት እንጂ።
እግራቸውን አነሱ።